መጽሐፉ ታትሟል፤ አንባቢው ግን የት አለ? ደራሲዎች ደጋግመን የምንሠራቸው ስህተቶች

የመጀመሪያ መጽሐፌ ከማተሚያ ቤት የወጣ ቀን ካርቶኖቹን የጫነው ሚኒባስ ሰፈር ሲደርስ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አወረደልኝ። አንድ ሺህ ቅጂ ነበር። ሳሎኑ ሞላ፣ የተረፈው አልጋ ሥር ገባ። ከስምንት ወር በኋላ ባለቤቴ "ይሄ ነገር አይጥ ይጠራል" አለች። እውነቷን ነበር። አይጡ መጣ፤ ያውም ከአንባቢው ቀድሞ።

ያኔ ጥፋቱን ያላከክሁት በሕዝቡ ላይ ነበር። "ሰው አያነብም" የምትለዋ አባባል ለደራሲ እንደ ፓናዶል ናት። ቶሎ ታስታግሳለች፣ በሽታውን ግን አትነካውም። ሁለተኛውን መጽሐፍ ካሳተምኩ፣ የሌሎችንም ሲሸጥና ሲከርም ካየሁ በኋላ ስህተቶቹን መቁጠር ጀመርኩ። አብዛኞቹ የራሴ ናቸው።

ምረቃውን መድረሻ ማድረግ

የመጽሐፍ ምረቃችንን ታውቁታላችሁ። አዳራሽ ይፈለጋል፤ ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ከተገኘ እሰየው። ባነር ይሰቀላል፣ ዋሽንት ይነፋል፣ ግጥም ይነበባል። መጽሐፉን "እንዲዳስስ" የተጋበዘው ምሁር አርባ ደቂቃ ይናገርና የመጨረሻውን ምዕራፍ ሳይቀር ዘክዝኮ ይወርዳል። ከዚያ የክብር እንግዶቹ ይቀጥላሉ። በር ላይ አጎትህ አንድ ቅጂ ያነሳና ከዋጋው በላይ አስቆጥሮ "መልሱን ተወው" ይላል። ደራሲው በደስታ እንባው ይተናነቀዋል።

ጉዱ የሚታየው በማግስቱ ነው። የመጣው ሰው ዘመድ፣ የሥራ ባልደረባና የድሮ የክፍል ጓደኛ ነው። ለመጽሐፉ ሳይሆን ለሰውየው ነው የመጣው። ለቅሶ እንደመድረስ ነው፤ ነገ ደግሞ በተራው ይደረስለታል። ደስ የሚል ባህል ነው፣ እኔም አልቀርም። ግን ይሄ ሰው መጽሐፉን ያንብብ አያንብብ እግዜር ነው የሚያውቀው።

ለምረቃ ያን ሁሉ ገንዘብ ያፈሰስኩት እኔ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ለማላውቀው ሰው አንድ ገጽ እንኳ አላስነበብኩም ነበር። ሥራው መጀመር የነበረበት ረቂቁ ገና ጠረጴዛ ላይ ሳለ ነው። በሳምንት አንድ አጭር ጽሑፍ ቢወጣ፣ በዓመት ሃምሳ ጊዜ ከአንባቢ ጋር መተያየት ማለት ነው። ምረቃው ያኔ ከሚያውቁህ ሰዎች ጋር የምትገናኝበት ቀን ይሆናል።

"ስለምንድነው?" ለሚል ሰው መልስ ማጣት

ይሄን ያስተማረኝ ለገሃር አካባቢ የሚሠራ መጽሐፍ አዟሪ ነው። መጻሕፍቱን ከእጁ አንጓ እስከ አገጩ ደርድሮ ታቅፎ ካፌ ለካፌ ይዞራል። አምስት ቅጂ ሰጠሁት። በሳምንቱ አራቱን መለሰልኝ።

"አንዷ ተሸጠች?" አልኩት።

"እሷን ዝናብ መታት ጋሼ።"

"ምነው ታዲያ?"

"ሰዉማ ያነሳዋል። 'ስለምንድነው?' ይለኛል። ምን ልበለው? ጀርባው ላይ ያለውን አነበብኩት፤ ለእኔም አልገባኝ።"

ጀርባው ላይ የጻፍኩት "የሰው ልጅ የህልውና ጥያቄ በጊዜና በቦታ መስቀለኛ መንገድ" ምናምን የሚል ነበር። ልብወለዱ ግን አባቱ በችግር የሸጠውን በሬ ፍለጋ ሦስት ገበያ ስለሚዞር ልጅ ነው። ይሄንኑ ነገርኩት። ልጁ ሳቀ። "ታዲያ እንደዚህ አይሉኝም ነበር ጋሼ!"

አምስቱንም ተክቼ ሰጠሁት። በሁለት ሳምንት ውስጥ "በሬ የሚፈልገው ልጅ አለ፣ ልየው?" እያለ ጨረሳቸው።

አዟሪው ደንበኛ ፊት የሚቆመው ማኪያቶው እስኪቀርብ ነው። የመደብር ሻጭም ጊዜ የለውም። ከፌስቡክ ገጻችሁ አናት ላይ ያለችውም መግለጫ ያው ናት። "ደራሲ፣ ገጣሚ፣ አሰልጣኝ፣ ፈላስፋ" የሚል ሰው ምን እንደሚጽፍ አልነገረንም። "ስለ ድሮዋ ናዝሬትና ስለ ባቡር ሠራተኞች ታሪክ እጽፋለሁ" ያለው ግን ናዝሬት ያደገውን ሁሉ፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅን ሁሉ ጠራ።

ሽፋኑን ብቻ መለጠፍ

ሰኞ፦ "በገበያ ላይ ውሏል።" ማክሰኞ፦ "እንዳያመልጣችሁ።" ረቡዕ ደራሲው መጽሐፉን ይዞ የተነሳው ፎቶ። ሐሙስ አንድ ታዋቂ ሰው መጽሐፉን ይዞ የተነሳው ፎቶ። በሁለተኛው ሳምንት ላይክ የሚያደርጉት እህቱና አንድ ታማኝ ጓደኛው ብቻ ይሆናሉ።

የማር ነጋዴ መርካቶ ውስጥ "ማር አለ" ብሎ ብቻ አይቀመጥም። ጣት ላይ ጠብ ያደርጋል። ከመጽሐፉ አንድ ገጽ አስነብቡ፤ የምታፍሩበትን ሳይሆን የምትወዱትን። ስትጽፉ ያገኛችሁትን ነገር ተርኩ፦ የጠፋ የሰፈር ስም፣ ከአንድ አዛውንት የሰማችሁት የድሮ ቃል፣ ቆርጣችሁ የጣላችሁት ምዕራፍ። ይሄን የሚያነብ ሰው መጽሐፉን ባይገዛ እንኳ ተመልሶ ይመጣል።

ድምፅንም አትናቁ። የእኛ ሰው በጆሮው የሚያነብ ሰው ነው። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርክ ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ከሰብለና ከበዛብህ ጋር ኖሯል። ዛሬ ያንን ለመሞከር ስቱዲዮ አያስፈልግም። ልጆቹ ሳይነሱ፣ ጠዋት፣ ስልካችሁን ይዛችሁ ጋቢ ተከናነቡ። ጋቢው የባዶ ክፍሉን ማስተጋባት ይውጠዋል፤ እኔ የማደርገው እንደዚያ ነው፣ ባለቤቴ ብትስቅብኝም። ሦስት ደቂቃ አንብቡና ታሪኩ ሊጠነክር ሲል አቁሙ። ቴሌግራም ላይ ልቀቁት።

ሁሉም ሰፈር ቤት መሥራት

ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብ፣ ኢንስታግራም፤ ሁሉም በአንድ ሳምንት ይከፈታሉ፣ ሁሉም በወሩ ይዘጋሉ። አንዱን ምረጡ። ረጅም ጽሑፍ የሚቀናችሁ ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም፣ አንደበተ ርቱዕ የሆናችሁ ቲክቶክ ወይም ዩቲዩብ። በቃ።

ተከታይ የሚገዙም አሉ። ሃያ ሺህ ተከታይ፣ አሥራ አንድ ላይክ። ያየ ሁሉ ይገባዋል።

የሰው ቤት ውስጥ ብቻ መኖር

ከላይ አንዱን ምረጡ ብያለሁ። እዚያ ብቻ ግን አትቅሩ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሀገር ቤት ሲገደቡ እስከ ሐምሌ ድረስ በቪፒኤን የገባ ገባ፣ ያልቻለ ቀረ። አንድ ወዳጄ መጽሐፉን ያወጣው ያኔው ነው። ሰባት ዓመት ያፈራቸው አንባቢዎች ሁሉ ፌስቡክ ላይ ነበሩ። አንዳቸውም ጋ የሚደውልበት ቁጥር አልነበረውም።

እገዳ ባይኖርም አካውንት ይጠለፋል። የግል ገጽም ከ5,000 ጓደኛ በላይ አይቀበልም። ስለዚህ በመጽሐፍ መሸጫው ጠረጴዛ ላይ አንድ ደብተር ይኑር። "ቀጣዩ ሲወጣ እንድነግርዎት ስምና ስልክ ይተዉልኝ" በሉ። የማይፈልግ አይጽፍም። የጻፈ ሰው ግን እናንተን ፍለጋ ወደ ኢንተርኔት መግባት የለበትም፤ አንድ አጭር መልእክት በቂው ነው። የልደትና የበዓል መልእክት እያዘነባችሁ አታሰልቹት እንጂ።

በፒዲኤፍ የተነሳ አንባቢን መሳደብ

መጽሐፍን ያለፈቃድ ስካን አድርጎ ቴሌግራም ላይ መበተን ሌብነት ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ከደራሲው ጎን ነው። ቻናሉን ሪፖርት አድርጉ፣ አስተዳዳሪውን ጠይቁ፣ ካልሆነ ሕግ አለ። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

የማልስማማው ከዚህ ጋር ነው፦ አንዲት ልጅ "በፒዲኤፍ አነበብኩት፣ ሌሊቱን ሙሉ አለቀስኩ" ብላ ትጽፋለች። ደራሲው "ሌባ!" ብሎ ይመልስላታል። ልጅቷ ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ ትሆን ይሆናል። የወረቀቱን መጽሐፍ ከየት ታምጣው? መክፈል ብትፈልግስ ለማን? እኔ ቢሆን አመሰግናታለሁ፤ በሕጋዊ መንገድ የምትገዛበትንም አብሬ እነግራታለሁ። እሱ መንገድ ከሌለ ጥፋቱ በከፊል የእኔ ነው።

"በሁሉም መጻሕፍት መደብሮች ይገኛል"

አይገኝም። ደሴ የለም። ጅማ የለም። አዲስ አበባም ግማሹ መደብር "አልቋል" ይላል፤ መጀመሪያም አልመጣለትም። የመደብሩን ስምና ሰፈር፣ ዋጋውን፣ በቴሌብር የሚከፈልበትን ቁጥር፣ ክፍለ ሀገር እንዴት እንደሚላክ አንድ ላይ ጻፉ። አንባቢ ሦስት ጊዜ አይጠይቅም።

ውጭ ያለው ወገናችንም እንደዚሁ ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሰው "እንዴት ላግኘው?" ሲል "ሰው ሲመጣ እልክልሃለሁ" ይባላል። የሚመጣው ሰው ሻንጣ 23 ኪሎ ነው፤ በርበሬና ሽሮ ቀድመውታል። ሦስት መቶ ግራም የሚመዝን መጽሐፍ ሃምሳው አሥራ አምስት ኪሎ ይሞላል፤ ያን የሚሸከም ወዳጅ ካላችሁ ጠብቁት። በየዓመቱ በሰኔ መጨረሻ ገደማ የሚካሄደው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ፌስቲቫል ለመጽሐፍ ጥሩ ገበያ ነው፤ ግን ጠረጴዛ መያዝ የፈለገ ሰው ከወዲሁ መነጋገር አለበት። ሰኔ ሲገባ መሯሯጥ አይሆንም።

አንድ መጽሐፍ ሸጦ መጥፋት

መጽሐፉ ካለቀ በኋላ ደራሲው አራት ዓመት ድምፁ ይጠፋል። ከዚያ "ሁለተኛ መጽሐፌ" ብሎ ብቅ ሲል እንደ አዲስ ራሱን ያስተዋውቃል። እኔ ይሄን አላደረግኩም ብዬ ልኮራ ነበር። ደብተር ነበረኝ፤ ከመጀመሪያው መጽሐፍ የተረፉትን በየትምህርት ቤቱና በየባዛሩ ስሸጥ ስም ስሰበስብ ከርሜያለሁ። ሁለተኛው ሲወጣ 140 ሰው ላይ መልእክት ልልክ ተቀመጥኩ። የአሥራ ሁለቱ ስልክ አንድ አንድ ቁጥር ይጎድለዋል። ማን እንዲህ ጻፈው ብዬ ተበሳጨሁ። ገለጥ ገለጥ አድርጌ ሳየው የእጅ ጽሑፉ የራሴ ነው።