የብብት ላብ መርፌ ለመወጋት ላሰባችሁ

ሲልቨር ስፕሪንግ ከመጣሁ ጀምሮ በጋ ከክረምት ጥቁር ልብስ ብቻ ነበር የምለብሰው። ነጭ የሐበሻ ቀሚሴን ለሠርግ አውጥቼ መልሼ እሰቅለዋለሁ፤ ብብቱ ገና ከቤት ሳልወጣ ይርሳል።

መርፌው ቦቶክስ ይባላል፤ የሚወጋው ለፊት መሸብሸብ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ለከባድ የብብት ላብ የተፈቀደው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ላብ አመንጪ ዕጢዎችን የሚያዘውን የነርቭ መልእክት ለጊዜው ያቋርጣል። መጀመሪያ ግን አሉሚኒየም ክሎራይድ ያለበትን ቅባት ማታ ማታ፣ በደረቅ ብብት ላይ ሞክሩ። መርፌው የተፈቀደው ቅባት ላልመለሰው ላብ ስለሆነ የሞከራችሁትን ሁሉ መዝግባችሁ ያዙ፤ ኢንሹራንስ ይጠይቃችኋል።

ከቀጠሮው በፊት ብብታችሁን ተላጩ፤ ለ24 ሰዓት ዲኦድራንት አትቀቡ። የሚያልበውን ቦታ ከሚለየው ምርመራ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ትኩስ ነገር አትጠጡ፤ ቡናም ቢሆን ይቆያችሁ። ሐኪሟ አዮዲን ቀባችኝና ሲደርቅ ስታርች የሚባለውን ዱቄት ነሰነሰችበት። የሚያልበው ቦታ ዓይኔ እያየ ጠቆረ፤ ለዓመታት የደበቅኩት ነገር ካርታ ሆኖ ወጣ። በዚያ ላይ በእስክሪብቶ ነጠብጣብ አደረገች። ለአንድ ብብት 50 ዩኒት (የቦቶክስ መለኪያ ነው) ከ10 እስከ 15 ቦታ ተከፋፍሎ ቆዳ ውስጥ ይወጋል። ይቆጠቁጣል፤ ግን ይቻላል።

እርጉዝ ከሆናችሁ፣ ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለው የጡንቻ ድካም በሽታ ካለባችሁ ወይም እንደ ጄንታማይሲን ያለ አንቲባዮቲክ እየወሰዳችሁ ከሆነ፣ እባካችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ከተወጋችሁ በኋላ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገራችሁ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

እኔ በሳምንቴ ነጩን ቀሚስ ለብሼ ክርስትና ዋልኩ። ደረቅ ነበር። ስድስት ወር ገደማ ስለሚቆይ ቀጣዩን ቀጠሮ ከወዲሁ አስይዣለሁ።