ቴርሞሜትሩ 93 ሲል፦ ጎበዝ ተማሪዎችን ወደ ምርምር ስናስገባ የምንሠራቸው ስህተቶች

የሳይንስ ክበብ ልጆች ውሃ እያፈሉ ሙቀቱን ይለካሉ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ 93 ብላ ጻፈች። ጓደኛዋ መጽሐፉን ገለጠና «100 ነው እኮ!» አላት። ቀና ብላ አየችኝ። ዝም አልኩ። በላጲስ አጠፋችና 100 አለችው። ያ ዝምታዬ እስካሁን ይቆጨኛል።

ልጅቷ ልክ ነበረች። የመጽሐፉ 100 በባሕር ወለል ላይ ላለ ቦታ ነው፤ እኛ ያለንባት ጎንደር ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ የውሃ መፍያም በየ300 ሜትሩ በ1 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። አስሉት፣ 93 አካባቢ ይመጣል። ንፍሮ እዚህ ከመተማ ይልቅ ጊዜ የሚፈጀው በዚሁ ነው።

ልኬትን ከመጽሐፍ ጋር ማስታረቅ። ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው። በጣም የሚሠሩት ደግሞ ጎበዞቹ ናቸው፤ «ትክክለኛውን መልስ» ስለሚያውቁት። ላጲስ ይከልከል። በእስክሪብቶ ይጻፍ፣ የተሳሳተው ላይ አንድ መስመር ብቻ ይሰመር፣ ከሥሩ ያለው ቁጥር ይታይ። ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይለካ። ቴርሞሜትሩ ካጠራጠረ በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ይከተት፤ እዚያ ከፍታው ብዙም ለውጥ ስለማያመጣ 0 አካባቢ ማንበብ አለበት።

መልሱ የታወቀ ጥያቄ መስጠት። በአቼቶና በቤኪንግ ሶዳ እሳተ ገሞራ ማፈንዳት ደስ ይላል። ግን ትርኢት ነው። መምህሩም መልሱን የማያውቀው ጥያቄ ያስፈልጋል። «ቲቸር፣ መልሱ ምንድን ነው?» ሲሉ «እኔም አላውቀውም» ማለት መጀመሪያ ይከብዳል፣ በኋላ ይለመዳል።

ጣናን የሚያክል ርዕስ። «እምቦጭን እናጠፋለን» የሚል ቡድን በየዓመቱ አይጠፋም። ብዙ ባለሙያ ዓመታት የታገለውን አረም ልጆች በአንድ ሴሚስተር አይጨርሱትም። (ለሙከራ ብላችሁ ደግሞ አረሙን ወደ ጎንደር ይዛችሁ እንዳትመጡ!) ጥያቄው ይጥበብ።

ቅርባችን አንገረብ አለ። ለከተማው የመጠጥ ውሃ የሚሰጠው ግድብ በደለል እንደሚቸገር እናውቃለን። እንግዲያው እንዲህ ብለን እንጠይቅ፦ ከከባድ ዝናብ በኋላ ውሃው ስንት ቀን ደፍርሶ ይቆያል? መሣሪያው ቀላል ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ነጭ ክዳን፣ ከሥሩ ድንጋይ፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት ያለው ገመድ። ወደ ውሃው ሲወርድ የሚጠፋበት ጥልቀት ይመዘገባል፣ ሲሳብ ተመልሶ የሚታይበትም እንዲሁ፤ ከዚያ የሁለቱ አማካይ ይወሰዳል። ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ሴኪ በ1865 እ.ኤ.አ. ባሕር ላይ የሞከረው ዘዴ ነው፣ ዛሬም ይሠራበታል። ለግድቡ ፈቃድ ይጠየቅ፣ ያለ አዋቂ ማንም ወደ ውሃው አይጠጋ።

በደረጃ ብቻ መምረጥ። አንደኛ የወጣ ሁሉ ተመራማሪ አይሆንም። አንዳንዱ ሽምደዳ ላይ ነው አንደኛ። ከፈተናው ውጭ ያለ ነገር የምትጠይቀዋን፣ የተበላሸ ሬዲዮ የሚፈታውን ፈልጉ።

ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ አስገብቶ መርሳት። ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ውስጥ መሆናችን ዕድል ነው። ግን ልጁ ክረምቱን ሙሉ ብልቃጥ ሲያጥብ ከከረመ ምርምር ሳይሆን ሥራ ተምሯል ማለት ነው። ይጠብ፣ ምንም አይደል፤ ነገር ግን ትንሽም ብትሆን የራሱ ጥያቄ ትኑረው፣ በየሳምንቱም ውጤቱን የሚያስረዳው ሰው ይኑር።

ሰው ላይ የሚሠራ ከሆነ፣ መጠይቅም ቢሆን፣ የሥነ ምግባር ፈቃድና የወላጅ ስምምነት ይቀድማል። ሥራው ካለቀ በኋላ ፈቃድ መለመን አያዋጣም።

12ኛ ክፍል ላይ መጀመር። አይሆንም፤ ማትሪክ አለ። ከ10ኛ ወደ 11ኛ ሲያልፉ ያለው ክረምት ይሻላል። ለአንገረቡ ጥያቄም ዝናቡ ያኔ ነው።

ያኔም ቢሆን የሚዘለል ቀን አይጠፋም። ያመለጠውን ልኬት ከትናንቱና ከነገው አማካይ ሠርተው እንዳይሞሉት። ቦታው ባዶ ይቀመጥ፣ ከጎኑም «መንገዱ ጭቃ ነበር፣ አልሄድንም» ተብሎ ይጻፍ።