ኢንተርሎኩ ያለ ምክንያት ሲቆርጥ፣ መቁረጥ ሲገባውም ሳይቆርጥ ሲቀር፦ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ሽቦዎች ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በቫኪዩም ውስጥ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚጠቀም አነስተኛ የፊዚክስ ሙከራን ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ሙከራ የበሩ ስዊች፣ የቫኪዩም መለኪያው፣ የማቀዝቀዣ ውኃው መቆጣጠሪያና ቀዩ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ በአንድ የ24 ቮልት መስመር ላይ ተከታትለው ይያያዛሉ፤ አራቱም ካልተስማሙ ሪሌዩ (በኤሌክትሪክ የሚሳብ ስዊች) አይስብም፣ ሪሌዩ ካልሳበ ደግሞ የ3000 ቮልት ምንጩ ኃይል አያገኝም። ኢንተርሎክ የምንለው ይህንን ሰንሰለት ነው።

በሩ ሳይከፈት ከፍተኛ ቮልቴጁ ይቋረጣል፣ ሲመረመር ግን ሁሉም ደህና ነው

የመጀመሪያው ፈተና በሁለት ተርሚናሎች መካከል ቁራጭ ሽቦ ከትቶ ሥራውን መቀጠል ነው። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ ለአንድ ከሰዓት ተብሎ የገባ ቁራጭ ሽቦ ማን እንዳስገባው እስኪረሳ ድረስ እዚያው ይከርማል።

ይልቁንም የከፍተኛ ቮልቴጅ ምንጩን መሰኪያ ይንቀሉ፣ የ24 ቮልቱን መስመር ብቻ ያብሩ፣ የመልቲሜትሩን ጥቁር ጫፍ ዜሮ ቮልት ላይ አስይዘው በቀዩ ጫፍ ከተርሚናል ወደ ተርሚናል ይሂዱ። 24 ቮልቱ የጠፋበት ቦታ ጥፋቱ ያለበት ቦታ ነው። ችግሩ ብልጭ ብሎ የሚሰወር ከሆነ አንድ ሰው መለኪያውን እያየ ሌላው ኬብሎቹን አንድ በአንድ በቀስታ ያነቃንቅ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው እንዲህ ያለ ነው፦ ሽቦው በበቂ ርዝመት ስላልተላጠ የተርሚናሉ ብሎን መዳቡን ሳይሆን ፕላስቲኩን ነክሶ ይዟል። ብሎኑ በካቻቢቴ ሲሞከር ጥብቅ ነው፣ ሽቦውም በጣት ሳብ ሲደረግ አይወጣም፤ ነገር ግን ብረቱን የሚነኩት ከፕላስቲኩ ጠርዝ የወጡ ሁለት ሦስት ቀጫጭን ክሮች ብቻ ናቸው፣ እነሱም ፓምፑ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ይላቀቃሉ። መፍትሄው ሽቦውን እንደገና መላጥ፣ ክሮቹን በአንድነት የሚይዝ የብረት ጫፍ ጨምቆ ማስገባትና ኬብሉ እንዳይወዛወዝ ከተርሚናሉ አጠገብ ማሰር ነው።

ሽቦው ጤናማ ከሆነ ቀጣዩ ተጠርጣሪ የቫኪዩም መለኪያው ነው። የሚገጥምበትና የሚቆርጥበት ግፊት አንድ ቁጥር ላይ ከተሞላ፣ ግፊቱ በዚያ ቁጥር ዙሪያ ሲዋልል ሪሌዩ አብሮት ይዋልላል። በ1×10⁻⁵ ሚሊባር እንዲገጥምና ወደ 5×10⁻⁵ ሲወጣ ብቻ እንዲቆርጥ ማድረግ ያረጋጋዋል።

መቆራረጡ በዚያው መስመር በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት ቫልቮች ጋር የሚገጣጠም ከሆነ ግን ስህተቱ የተሠራው ገና ኬብሉ ሲታቀድ ነው። 0.5 ስኩዌር ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ 50 ሜትር ሄዶ ሲመለስ 3.5 ኦም ያህል አለው፤ ቫልቮቹ በአንድነት 1.5 አምፔር ሲስቡ 5 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ከ20 ቮልት በታች የማይሠራ መለኪያም በዚያው መስመር ላይ ካለ ይጠፋና ኢንተርሎኩን ይዞት ይወርዳል። በ1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦ ጉድለቱ ከ2 ቮልት በታች ይሆናል፤ ከዚህም የሚሻለው ኢንተርሎኩን ከቫልቮቹ ጋር ጨርሶ አለማጋራት ነው። መቆራረጡ ቫልቩ ሲዘጋ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ መንስኤው በቫልቩ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል (ኮይሉ) ሲለቅ የሚመልሰው፣ መቶዎች ቮልት ሊደርስ የሚችለው ምት ነው፤ በኮይሉ ላይ ቀለበት ምልክቱ ወደ ፖዘቲቭ የዞረ ዳዮድ (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ማሰር ያበርደዋል።

በሩ ተከፍቶ ከፍተኛ ቮልቴጁ አይቋረጥም

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ሆን ተብሎ ካልተሞከረ ማንም አያውቀውም። መንስኤው ከላይ የተወገዘው ቁራጭ ሽቦ፣ ወይም ተጣብቆ የቀረ የሪሌይ መገናኛ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴም ዑደቱ ተገልብጦ የተሠራ ነው፦ በሩ ሲከፈት ከረንት እንዲያልፍ ከተደረገ፣ የተቆረጠ ሽቦ ለሪሌዩ እንደተዘጋ በር ይታየዋል። ትክክለኛው አሠራር በሩ ሲዘጋ ብቻ ከረንት የሚያልፍበት ነው፤ ያኔ ሽቦ ቢቆረጥም፣ መሰኪያ ቢወልቅም፣ 24 ቮልቱ ቢጠፋም ውጤቱ ማቋረጥ ይሆናል። የመገናኛ መጣበቅን ለመከላከል ሁለት ሪሌዮች ተከታትለው ይቀመጣሉ፣ አንዱ ካልለቀቀ ዳግም ማብራት እንዳይቻልም ሁለቱ ይፈተሻሉ። በሩ ስለተዘጋ ብቻ ቮልቴጁ በራሱ መመለስ የለበትም፤ ሰው ቁልፍ ተጭኖ ያብራው።

ውሳኔውን ለኮምፒውተር ብቻ መተውም ከዚሁ ይመደባል። ቴራክ-25 በተባለው የጨረር ሕክምና መሣሪያ በቀደሙት ሞዴሎች ላይ የነበሩት የሃርድዌር ኢንተርሎኮች ቀርተው በሶፍትዌር ተተክተው ነበር፤ ከ1985 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. ቢያንስ ስድስት ሕሙማን ከመጠን ያለፈ ጨረር ደረሰባቸው፣ የሞቱም አሉ። ኮምፒውተሩ የኢንተርሎኩን ሁኔታ ያንብብ፣ ይመዝግብ፣ ማቋረጥም ይችል፤ ሰንሰለቱ የከለከለውን መፍቀድ ግን አይችል። ቮልቴጁ ተቋረጠ ማለትም ቻርጅ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ባዶ ናቸው ማለት ስላልሆነ፣ ከመንካት በፊት ከኧርዝ (ከመሬት) ጋር በተያያዘ ዘንግ ማራገፍ ግዴታ ነው።

በሲግናሉ ላይ በየ20 ሚሊሰከንዱ የሚደጋገም ሞገድ ይታያል

20 ሚሊሰከንድ የ50 ኸርዝ መብራት ኃይል ፊርማ ነው፤ 60 ኸርዝ በሚጠቀሙ አገሮች ወደ 16.7 ይወርዳል። አብዛኛውን ጊዜ ሺልዱ (የሲግናል ኬብሉን የሚሸፍነው የብረት ልባስ) በሁለቱም ጫፍ ከኧርዝ ጋር ተያይዞ፣ በሁለቱ ኧርዞች መካከል ያለው ጥቂት ልዩነት ከረንት እየነዳበት ነው። ለዝግተኛ ሲግናሎች ሺልዱን በአንድ ጫፍ ብቻ ማሰር ይበቃል። በኮአክሲያል ኬብል ግን ሺልዱ ራሱ የመመለሻ መንገድ ስለሆነ አይቆረጥም፤ መለያ ትራንስፎርመር ወይም ፋይበር ያስፈልጋል። ቢጫና አረንጓዴውን የመከላከያ ኧርዝ በምንም ምክንያት አይንቀሉ፤ ጫጫታው ቢጠፋም ሰውን የሚጠብቀው መስመር አብሮ ይጠፋል።

ፒቲ100 (የፕላቲነም ሙቀት መለኪያ) ከእውነተኛው ሙቀት በላይ ያነባል

በሁለት ሽቦ ከተያያዘ የኬብሉ እያንዳንዱ 1 ኦም 2.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይጨምርበታል። በአራት ሽቦ ያያይዙት።

የጊዜ ልኬቱ በናኖሰከንዶች ይዛነፋል

በተለመደው ኮአክሲያል ኬብል አንድ ሜትር 5 ናኖሰከንድ ያህል ያዘገያል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ኬብል የቀየረ ሰው እንዳለ ይጠይቁ፣ ቀጥሎ ማገናኛዎቹን ይፈትሹ። በመስከረም 2011 እ.ኤ.አ. የኦፔራ ሙከራ በጄኔቫ አጠገብ ካለው የሰርን ቤተ ሙከራ ተነሥተው 730 ኪሎሜትር ተጉዘው ጣሊያን ውስጥ ግራን ሳሶ የደረሱ ኒውትሪኖዎች (እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች) ከብርሃን 60 ናኖሰከንድ ገደማ የቀደሙ መስለው መታየታቸውን ይፋ አድርጎ ነበር፤ በኋላ የተገኘው ዋናው መንስኤ በጂፒኤስ ሰዓቱ መስመር ላይ በደንብ ያልገባ የፋይበር ማገናኛ ነው።

ከየትኛውም ጥገና በኋላ ከፍተኛ ቮልቴጁ ተነቅሎ እያለ አራቱን የኢንተርሎክ ስዊቾች አንድ በአንድ ይክፈቱ፣ ሪሌዩ በእያንዳንዳቸው መልቀቁን ይዩ፣ ቀኑንና የሞካሪውን ስም በፓነሉ በር ውስጥ በተለጠፈው የሽቦዎች ሥዕል ላይ ይጻፉ።