ታሪክ ያለው የተኩስ ጌም ስትጫወቱ ታሪኩ እንዳያመልጣችሁ

ደሴ ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ ኳሱን ትቶ ካምፔይን፣ ማለት የጌሙን ታሪክ ያለውን ክፍል፣ የሚከፍት ሰው ብዙ የለም፣ የከፈተም ቢሆን ከኋላው ወረፋ የያዘ ልጅ "ቶሎ በል እንጂ" እያለው ስለሆነ ከትሲን፣ ታሪኩን ሚያሳየው ቪዲዮ፣ በመጣ ቁጥር ስኪፕ እያለ ያልፈዋል፣ ከዛ ወጥቶ ጌሙ ታሪክ የለውም ዝም ብሎ መተኮስ ነው ይላል። ይሄ ነገር በጣም ነው ሚያናድደኝ፣ ሰው ስንት የለፋበትን ሳያዩ መፍረድ ነው። እኔና አብሮ አደጌ እንዴት እንደምንጫወት ልንገራችሁ።

ሲጀመር ሰዓት ምረጡ። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት አትሞክሩት። ጠዋት ሶስት ሰዓት ላይ ቤቱ ሲከፈት ግቡ፣ ክረምት ላይ ጦሳ ተራራን ጉም ሸፍኖት ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ቤቱ ሲቀመጥ ደሞ የበለጠ ይመቻል፣ ሂሳቡንም በጨዋታ ሳይሆን በሰዓት ተነጋገሩ።

ከዛ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሰብታይትሉን አብሩት፣ ዲፊከልቲውን ኖርማል ወይ ኢዚ አርጉት። ሃርድ ላይ አንድ በር ጋ ሃያ ጊዜ ስትሞቱ ሰውየው ለምን እዛ እንደሄደ ራሱ ትረሱታላችሁ። እኛ ሁለት ሆነን ነው ምንገባው፣ አንዱ ጆይስቲክ ይይዛል ሌላው ሰብታይትሉን እያነበበ በአማርኛ ይለዋል፣ ምዕራፍ ሲያልቅ እንቀያየራለን። በ2016 የወጣውን ታይታንፎል 2 እንደዚ ነው የጨረስነው። እዛ ውስጥ ቢቲ የሚባል ትልቅ ሮቦት አለ፣ ሶስተኛው ፕሮቶኮሉ፣ ማለት የተሰጠው ትዕዛዝ፣ ፓይለቱን (ሮቦቱን ሚነዳውን፣ እናንተ ምትጫወቱትን ሰው) መጠበቅ ነው፣ መጀመሪያ ሲናገረው ጓደኛዬ እንደ ማስታወቂያ አንብቦት አለፈ፣ መጨረሻ አካባቢ ያችው ቃል ስትመጣ ግን "ፓይለቱን..." ብሎ ድምፁ ተቆረጠ፣ እኔም ጆይስቲኩን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ስኪፕ ያለ ሰው ይቺን አያገኛትም።

እየተጫወታችሁ አንድ ነገር እዩ፣ ታሪኩ ሲነገር ጆይስቲኩ እጃችሁ ላይ ይሰራል ወይስ ጌሙ ይነጥቃችኋል? ለኔ ትልቁ የዲዛይን ጥያቄ ይሄ ነው። ሃፍ ላይፍ በ1998 ሲወጣ መጀመሪያው ላይ ተኩስ ሚባል የለም፣ ባቡር ተሳፍራችሁ ወደ ምርምር ጣቢያው ትገባላችሁ፣ አንገታችሁን አዙራችሁ የፈለጋችሁትን ታያላችሁ፣ ካሜራውን ማንም አይወስድባችሁም፣ ከኮምቦልቻ በሀረጎ ወደ ደሴ ስትወጡ መስኮት ጋ እንደመቀመጥ በሉት፣ በኋላ ሁሉም ነገር ሲፈራርስ በዓይናችሁ ያያችሁት ቦታ ስለሆነ ያማችኋል። አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ስለሚሰራ ሰበብ የላችሁም። በ2007 የመጣው ኮል ኦፍ ዲዩቲ 4 ላይ ደሞ ኒውክሌሩ ከፈነዳ በኋላ ከወደቀው ሄሊኮፕተር እየዳሃችሁ ትወጣላችሁ፣ መንቀሳቀስ ትችላላችሁ ግን ማንንም ማዳን አትችሉም፣ ራሳችሁንም። ያንን በቪዲዮ ብቻ ቢያሳዩን አይተን እንረሳው ነበር። ማክስ ፔይን 3 ተኩሱ አንደኛ ነው፣ ግን በየመሃሉ ከትሲን ይገባል፣ ሲመለስ ደሞ የያዛችሁትን ትልቅ መሳሪያ አስቀምጦ ሽጉጥ ያስይዛችኋል፣ ብዙ ተጫዋች ያማረረው በዚህ ነው፣ እኔም አብሬ አማርራለሁ።

ሜትሮ 2033 ከገጠማችሁ ግን በጭራሽ አትሩጡ። ሰው ሚኖርባቸው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች አሉ፣ እዛ ሰዎች ቁጭ ብለው ያወራሉ፣ ቁሙና ስሟቸው። ጥይት እዛ ገንዘብም ነው፣ ለማኝ ሲለምናችሁ ስጡት። ጌሙ ስክሪን ላይ ነጥብ ሳይጽፍ ይሄን ሁሉ ይቆጥረዋል፣ ሌላ መጨረሻ ሚከፍትላችሁም እሱ ነው። ቁጥር አለማውጣታቸውን ነው የወደድኩት፣ ነጥቡን ቢያሳዩን ሁላችንም ለነጥቡ ብለን ነበር ምንሰጠው።

ስፔክ ኦፕስ ዘ ላይን ደሞ ሚያጨቃጭቅ ነው፣ በ2012 የወጣ። ዱባይ አሸዋ ውጧታል፣ አንድ ቦታ ነጭ ፎስፈረስ የሚባል ሰው ሚያቃጥል መሳሪያ ትተኩሳላችሁ፣ ከዛ የተቃጠሉት ሲቪሎች መሆናቸውን በመሃላቸው እየሄዳችሁ ታያላችሁ። ጓደኛዬ "ሌላ መንገድ ሳይሰጠኝ ለምን ይወቅሰኛል" ይላል፣ እንደሱ የሚል ተጫዋች ብዙ ነው፣ ክርክሩም ውሃ ያነሳል። እኔ ግን ሰዎቹን ከላይ እንደ ነጭ ነጠብጣብ እያየሁ ስተኩስ ሰዎቹ እነማን ናቸው ብዬ አንዴም አለመጠየቄ ነው ያስደነገጠኝ። እንደዚህ አይነት ቦታ ስትደርሱ ወደሚቀጥለው አትለፉ፣ ፖዝ አርጋችሁ ወጥታችሁ ሻይ ጠጡና ተጨቃጨቁበት።

ሴቭ ነገር ላይ ተጠንቀቁ። መብራት መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅም፣ ብዙዎቹ ጌሞች ደሞ ቼክፖይንት ላይ፣ ማለት ጌሙ ራሱ የመረጠው ቦታ ስትደርሱ፣ ብቻ ነው ሴቭ ሚያረጉት፣ ስለዚህ የሴቭ ምልክቷ ጥጉ ላይ ብቅ ሳትል አትነሱ። ባለቤቱንም ለምናችሁ የራሳችሁን ዩዘር አስከፍቱ። እኛ አንድ ቤት በጋራው ዩዘር ሜትሮን እየተጫወትን ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ማታ አንድ ልጅ ኒው ጌም ብሎ ቼክፖይንታችንን አጠፋብን። ከአንድ ጀመርን። በሁለተኛው ዙር ግን መጀመሪያ ሮጠን ያለፍነው ለማኝ ጋ ቆምን።