ለቤታ ጓደኛ ስትመርጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቤታ የሚባለውን የአኳሪየም ዓሣ የገዛ ሰው ሳምንት ሳይሞላው የሚያነሳት ጥያቄ አለች፦ «ብቻውን አይደብረውም?» ከደግነት የመጣች ጥያቄ ናት። ብቻ መብላት እንኳ ደስ አይለንም፣ ዓሣውም እንደኛ ይመስለናል። ሀዋሳ ውስጥ በትንሽ አኳሪየም ቤታ የምታሳድጉ ሁሉ ሁለተኛ ዓሣ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እነዚህ ስህተቶች የሚገድሉት ዓሣ ብዙ ነው፤ አብዛኛውን ደግሞ ማዳን ይቻላል።

«ይደብረዋል» ብሎ መነሳት

አይደብረውም። ቤታ የታይላንድና የአካባቢዋ ዓሣ ነው። ታይላንድ በ2019 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የውሃ እንስሳዋ ብላ ሰይማዋለች። እዚያ ሣር በበዛበት ረግረግና በሩዝ ማሳ ውሃ ውስጥ ይኖራል። ወንዱ የራሱን ቦታ ይይዛል፤ ሌላ ወንድ ከመጣ ያባርረዋል። ተሸናፊው ሣር ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፣ ጠቡም እዚያው ያበቃል። መስታወት ሣጥን ውስጥ ግን መጥፊያ የለም። ስለዚህ ሁለት ወንድ አንድ ላይ በጭራሽ አይቀመጥም። ወንድና ሴት አብረው እንዲኖሩ ማድረግም ያው ነው፤ ሴቷ ተነክሳ ታልቃለች።

ብቻውን ያለ ቤታ የተበደለ ዓሣ አይደለም። ንጹሕና ሞቅ ያለ ውሃ፣ መደበቂያ ቅጠልና በልክ የሆነ ምግብ ካገኘ ደህና ነው። ጓደኛ የሚጨመረው ለኛ ዓይን ነው፤ ይህን ከተቀበልን በኋላ ምርጫው ይቀላል።

ዓሣ መርጦ ውሃውን አለመለካት

ሰው ሁሉ «የትኛው ዓሣ ይስማማዋል?» ይላል። መቅደም ያለበት «ውሃው ስንት ሊትር ነው?» የሚለው ነው። ሜትር አምጡና ርዝመቱን፣ ወርዱንና የውሃውን ከፍታ በሴንቲሜትር ለኩ። ሦስቱን አባዙና ለ1000 አካፍሉ። 30 በ20 በ20 የሆነው ጠረጴዛ ላይ የሚያምር አኳሪየም 12 ሊትር ብቻ ነው። ይህ ለአንድ ቤታም ይጠበዋል፤ ለእሱ ብቻ 20 ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። ጓደኛ ማሰብ የሚጀመረው ከ40 ሊትር ወዲያ ነው።

ምክንያቱ የቦታ ጥበት ብቻ አይደለም። ዓሣ በስንጥቡና በኩሱ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይለቃል። ትንሽ ውሃ ውስጥ አሞኒያው ቶሎ ይከማቻል፣ ስንጥቡን ያቃጥለዋል። ጠብ ሳይኖር፣ ቁስል ሳይታይ፣ ዓሣ ላይ ላዩን እየተነፈሰ ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ይህ ነው። ባለቤቱ ግን «ቤታው ገደለው» ይላል።

20 ሊትር ካላችሁና የግድ ሌላ ነፍስ ማየት ከፈለጋችሁ አንድ ትንሽ ቀንድ አውጣ ይበቃል። አልፎ አልፎ ቤታው ቀንዱን ይነክሰዋል፤ ያኔ ቀንድ አውጣውን አውጡት። ሽሪምፕ ግን፣ በተለይ ደቃቁ፣ እራት ይሆንለታል።

ሀዋሳ ሞቃት ናት ብሎ ሂተር (የውሃ ማሞቂያ) መተው

ቀን ቀን ልክ ናችሁ። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ሌሊቱን እናውቀዋለን፤ ጋቢ ያስደርባል። ቤታ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል። ትንሽ ውሃ ደግሞ ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ብርዱ ሰውን የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። የቀዘቀዘ ቤታ አይጣላም። ታች ተኝቶ፣ ክንፉን ሰብስቦ፣ ሌላው ዓሣ ሲያልፍበት ዝም ይላል። «አዩ፣ ተስማሙ!» ይባላል። ሂተር ሲገባለት ወይም ወሩ ሲሞቅ እውነተኛው ቤታ ይነቃል። የስንጥቡን ክዳን ነፍቶ፣ ክንፉን ዘርግቶ ያባርራል። ስለዚህ ጠባዩን ከመመዘናችሁ በፊት ቴርሞሜትር ይኑራችሁ፤ ውሃው 26 ዲግሪ ገደማ ሳለ የምታዩት ጠባይ ነው የእሱ ጠባይ።

መብራት ሲጠፋ አኳሪየሙን በጎንና በጎኑ በብርድ ልብስ ጠቅልሉት። ከላይ ግን አትድፈኑት። ቤታ በስንጥቡ ብቻ አይተነፍስም፤ ወደ ላይ ወጥቶ አየር ይስባል፣ ያን ካጣ ይታፈናል።

ጎልድፊሽንም እዚሁ ልዝጋው። እሱ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ይወዳል፣ ብዙ ያቆሽሻል፣ ያድጋል። ከቤታ ጋር አይሆንም።

በቀለምና በጅራት መምረጥ

ሱቅ ውስጥ ዓይን የሚስበው ወንድ ጉፒ ነው፤ ሰፊ ጅራት፣ ደማቅ ቀለም። ቤታውንም የሚያናድደው ያው ነው፤ ተቀናቃኝ መስሎ ይታየዋል። በማግስቱ የጉፒው ጅራት እንደ ማበጠሪያ ተሰነጣጥቆ ታገኙታላችሁ። ጎራሚ የቤታ ዘመድ ነው፣ እሱም ይጣላል። ታይገር ባርብ ደግሞ በተቃራኒው አጥቂው እሱ ነው፤ የቤታውን ረጅም ክንፍ እየነከሰ ይጨርሰዋል። መስታወት ላይ የሚለጠፈው ፕሌኮ ሲገዛ ጣት ያክላል፤ ሲያድግ 30 ሴንቲሜትር ያልፋል። «ቆሻሻ ይበላል» ተብሎ ይሸጣል፣ ራሱ ግን ብዙ ያቆሽሻል።

የሚሻሉት ደቃቅና ጭራቸው አጭር የሆኑ ናቸው። ኢምበር ቴትራና ራስቦራ መሃል ላይ ይዋኛሉ፤ ኮሪዶራስ ደግሞ ታች አሸዋው ላይ ይውላል፣ ቤታው ከሚወደው ከላይኛው ውሃ ይርቃል። በ40 ሊትር ውስጥ ከእነዚህ አንዱን ብቻ ምረጡ፤ ኮሪዶራስ ከሆነ ድንክዬውን ዓይነት።

«ሁለት ሁለት ስጠኝ» ማለት

እነዚህ ዓሦች በመንጋ የሚኖሩ ናቸው። ሁለት ሲሆኑ ይፈራሉ፣ ጥግ ይይዛሉ፣ ወይ እርስ በርስ ይነካከሳሉ። ቢያንስ ስድስት ይሁኑ። ለስድስት ቦታ ከሌለ ዜሮ ይሻላል።

ከሐይቁ ማምጣት

ይህ የኛ ከተማ ስህተት ነው። አሞራ ገደል ዳር ልጆች በሃይላንድ ቀድተው የሚያሳዩት ጫጩት ያጓጓል። ነፃ ነው፣ ያምራል፣ ደግሞ የሀገራችን ነው። ግን ያ ጫጩት ቆሮሶ ከሆነ አድጎ ድስት የሚሞላ ዓሣ ይሆናል፤ ገና ትንሽ ሳለም ቦታ ይዞ ይጣላል። አምባዛ ከሆነ ደግሞ አፉ የቻለውን ሁሉ ይውጣል። የዱር ዓሣ ጥገኛ ተውሳክም ይዞ ይገባል። የሐይቁን ውሃ መቅዳትም አይበጅም፤ ውሃው አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ነው፣ በእንዲህ ዓይነት ውሃ ደግሞ አሞኒያ ይበልጥ መርዛማ ይሆናል።

በተቃራኒው መንገድ የሚሄደው የባሰ ነው። የሰለቸንን ዓሣ ሐይቁ ውስጥ መልቀቅ የለብንም። በሀዋሳ ሐይቅ የሚታወቁት የዓሣ ዝርያዎች ስድስት ብቻ ናቸው፤ በእነሱ ላይ ስንት ቤተሰብ እንደሚተዳደር እናውቃለን። የእንግዳ ዓሣ በሽታ እዚያ ከገባ መልሶ የሚያወጣው የለም። እባካችሁ፣ የማትፈልጉትን ዓሣ ለሚያሳድግ ሰው ስጡ።

ገዝቶ በዚያው ቀን መቀላቀል

ወደኛ የሚመጣ ዓሣ ከአዲስ አበባ ከሆነ በፌስታል ታስሮ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዟል። ደክሟል፣ በሽታም ይዞ ሊሆን ይችላል። ነጭ ነጥብ የሚባለው በሽታ በመጀመሪያው ቀን ላይታይ ይችላል። ሌላ ዕቃ ውስጥ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ለይታችሁ አቆዩት።

አኳሪየሙም አዲስ ከሆነ አሞኒያን የሚያስወግዱት ባክቴሪያዎች ፊልተሩ (የውሃ ማጣሪያው) ላይ እስኪባዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን እነሱንም ዓሣውንም ይጎዳል፤ የክሎሪን ማጥፊያ ጨምሩ። ከሌላችሁ ክዳን በሌለው ባልዲ አንድ ቀን አሳድሩት።

ቅደም ተከተሉም ለውጥ ያመጣል። ከተቻለ ጓደኞቹ ይቅደሙ፣ ቤታው በመጨረሻ ይግባ። ቀድሞ የገባ ቤታ ሙሉውን አኳሪየም የኔ ነው ይላል። ቀድሞ ገብቶ ከሆነ አዲሶቹን በምታስገቡበት ቀን እሱን ለጊዜው አውጡት፣ ተክሉንና ድንጋዩን ቦታ ቀያይሩ፣ ከዚያ መልሱት። የት እንደነበር ስለሚጠፋበት ቁጣው ይቀንሳል።

መለያያ ሳያዘጋጁ መሞከር

ሁሉንም በትክክል ብታደርጉም ጨርሶ ጓደኛ የማይቀበል ቤታ አለ። ጠባያቸው እንደ ሰው ይለያያል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ክንፉን ዘርግቶ ትንሽ ቢያስፈራራና ቢተወው ችግር የለም። ሳያቋርጥ ካሳደደ፣ ሌላው ጥግ ይዞ መብላት ከተወ፣ ወይ የተቀደደ ክንፍ ካያችሁ «ነገ ይለምዳሉ» አትበሉ። ጓደኛውን ከመግዛታችሁ በፊት ሂተርና ክዳን ያለው ሁለተኛ ዕቃ ዝግጁ ይሁን። ቤታ ይዘላልና ክዳኑ ለሁለቱም ዕቃ የግድ ነው፤ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ግን ተዉለት።