ማቀበል የሚወድ ተጫዋች ለድራፍት ሲቀርብ እንዴት ይመዘናል?

እ.ኤ.አ. 2021፣ የኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ፕሌይኦፍ፣ ማለትም የጥሎ ማለፍ ዙር። ፊላደልፊያና አትላንታ ሰባተኛውን፣ የሚለያያቸውን ጨዋታ ይዘዋል። አራተኛው ሩብ ላይ የፊላደልፊያው ቤን ሲመንስ ተከላካዩን አልፎ ቀለበቱ ስር ደረሰ። እዚያ የቆመው ከሱ በጣም የሚያጥረው የአትላንታው ትሬ ያንግ ብቻ ነው። መዝለልና መክተት ብቻ ነበር የቀረው። ሲመንስ ግን ኳሱን አቀበለ። ተቀባዩ ላይ ፋውል ተሠራ፣ ከሁለት የቅጣት ውርወራ አንዱን ብቻ አስገባ። ፊላደልፊያ 103 ለ 96 ተሸንፎ ተሰናበተ።

ሲመንስ በዚያ ዙር 45 የቅጣት ውርወራ ሞክሮ ያስገባው 15ቱን ነው። ፋውል ተሠርቶበት መስመሩ ላይ መቆም ፈርቶ ነው ያሉ ብዙ ነበሩ። እኔም ከነሱ ጋር ነኝ።

ለድራፍት፣ ማለትም የኤንቢኤ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ ለሚመርጡበት ሥርዓት፣ የሚቀርብ አቀባይ ስትመዝኑ ከሁሉም በፊት መለየት ያለባችሁ ይህንን ነው። ልጁ የሚያቀብለው ስላየ ነው ወይስ ስለፈራ? ከሩቅ ሲታዩ ሁለቱም ደግ ይመስላሉ።

1. የአሲስት ቁጥሩን ለጊዜው እርሱት

አሲስት፣ ማለትም ነጥብ ያስገኘ ቅብብል፣ የሚቆጠረው ተቀባዩ ሲያስገባ ብቻ ነው። ያው ኳስ በዚያው ሰዓት እዚያው ቦታ ደርሶ ተቀባዩ ከሳተ፣ ወረቀቱ ላይ ምንም የለም። ጎበዝ ተኳሾች አጠገቡ ያሉት ልጅ ቁጥሩ ያብጣል። ጨዋታውን በሙሉ ኳስ ከእጁ የማይወጣ ልጅም እንደዚያው። ኬንዳል ማርሻል በ2011-12 ኖርዝ ካሮላይና ሳለ በጨዋታ ወደ 10 የሚጠጋ አሲስት ነበረው። በ2012 በ13ኛነት ተመረጠ። ኤንቢኤ ውስጥ የተጫወተው ግን አራት የውድድር ዘመን ብቻ ነው። የጉልበት ጉዳቱም ድርሻ አለው፣ ሁሉንም በሱ ላይ መጫን አይገባም።

ስለዚህ ሦስት ሙሉ ጨዋታ ፈልጉ። የተቆራረጠ ቪዲዮ አይረዳም፣ የገባውን ብቻ ነው የሚያሳያችሁ። ወረቀት ያዙና ኳሱ ተቀባዩን ነፃ ሆኖ ባገኘው ቁጥር አንድ ጭረት አድርጉ። ገባ አልገባ አይመለከታችሁም።

2. ኳሱ መቼ ከእጁ እንደሚወጣ እዩ

ጓደኛው ነፃ ከሆነ በኋላ ማቀበልማ ማንም ያቀብላል። ፒክ ኤንድ ሮል ላይ፣ ማለትም አንዱ ኳስ ለያዘው ጓደኛው ተከላካዩን በአካሉ ጋርዶ ወደ ቀለበቱ ሲሮጥ፣ ቪዲዮውን አቁሙት። ረጅሙ ተከላካይ ኳስ የያዘውን ሊገታ ወጣ አለ። ጥግ ያለው ተከላካይ ደግሞ ወደ ውስጥ የሚገባውን ሰው ለመያዝ አንድ እግሩን አስገባ። ኳሱ ወደ ጥግ መሄድ ያለበት ያቺ እግር ከመሬት ስትነሳ ነው። ካረፈች በኋላ ከሆነ ዘግይቷል።

ኳሱ የሚያርፍበትንም እዩ። ደረት ላይ ከደረሰ ተኳሹ ወዲያው ይለቃል። ጉልበት ላይ ከደረሰ ጎንበስ ብሎ ያነሳዋል፣ እስከዚያ ተከላካዩ ተመልሷል። ኒኮላ ዮኪች አይፈጥንም፣ እምብዛም አይዘልም። ኳሱ ግን ሁሌ በሰዓቱ ይደርሳል። በ2014 በ41ኛነት ሲመረጥ ቴሌቪዥኑ የምግብ ማስታወቂያ እያሳየ ነበር። ሦስት ጊዜ ኤምቪፒ፣ የውድድር ዘመኑ ምርጥ ተጫዋች፣ ሆኗል።

3. ፍርሃቱን ፈልጉ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ቀለበቱ ስር ደርሶ ወደ ኋላ ያቀበለበትን ቁጠሩ። ሦስት ነጥብ መስመር ላይ ብቻውን ተትቶ ያመነታበትንም ቁጠሩ። ከዚያ ልጁን ተዉትና የሚጠብቀውን ተከላካይ እዩ። ተጠግቶታል ወይስ ሁለት ሜትር ሸሽቶ መሀል ላይ ቆሟል? የሸሸ ተከላካይ እጆቹ በቅብብሉ መንገድ ላይ ናቸው። ተከላካይ የማይፈራው አቀባይ መንገዱ ይዘጋበታል።

ሲመንስ ኮሌጅ እያለ በአንድ ሙሉ ዓመት የሞከረው ሦስት ነጥብ ሦስት ብቻ ነው። ምልክቱ ከድራፍቱ በፊትም ነበር። አንደኛ ሆኖ ተመረጠ።

ይህ ማለት ግን የማይተኩስ ሁሉ ይጣል ማለት አይደለም። በ2006 በ21ኛነት የተመረጠው ራጆን ሮንዶ ተኳሽ አልነበረም። ግን ፈጣን ነበር፣ ሰብሮ ይገባል፣ ተከላካይነቱም የሚያስቸግር ነበር። በ2008 ከቦስተን ጋር ዋንጫ ሲያነሳ ቋሚ ተሰላፊ ነበር። ተከላካዩ የሆነ ነገር ይፍራለት፣ ሹቱን ብቻ መሆን የለበትም።

4. የባከኑ ኳሶችን ለዩ

ድሪብል ሲያደርግ የተቀማው ሌላ ነው፣ ጠባብ ቀዳዳ አይቶ ሞክሮ የተጨናገፈበት ሌላ ነው። ሁለተኛውን ለ19 ዓመት ልጅ እኔ ይቅር እላለሁ። ምንም የማያባክን ልጅማ አንዳንዴ ምንም የማይሞክር ነው። ታይሪስ ሃሊበርተን ግን በኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመቱ በጨዋታ 3.6 አሲስት ሲኖረው ያባከነው 0.8 ኳስ ነበር። እንዲህ ያለ ቁጥር ስታዩ ቪዲዮውን ደግማችሁ ክፈቱት።

5. የቅጣት ውርወራውን ተመልከቱ

በኮሌጅ አንድ ዓመት የሚሞከረው ሦስት ነጥብ ጥቂት ስለሆነ ያሳስታል። በቅጣት ውርወራ ማንም አይረብሸውም፣ ርቀቱም አይለወጥም። 80 በመቶና ከዚያ በላይ የሚያስገባ ልጅ ሹቱ ቢያስጠላም የመሻሻል ተስፋ አለው። 60 አካባቢ ከሆነ ጠንቀቅ በሉ።

6. ኳስ ሳይዝስ?

ኤንቢኤ ሲገባ ኳሱን የሚይዝ ኮከብ እዚያ ይጠብቀዋል። አቀብሎ እዚያው የሚገተር ከሆነ ለቡድኑ ሸክም ነው። አቀብሎ የሚሮጥ ከሆነ ግን ከማንም ጋር ይሄዳል። ቁመቱንና መከላከሉንም አትርሱ፣ ይኼን መቼም ሁሉም ሰው ያየዋል።

አሁን ስሙን ዝርዝራችሁ ላይ አስቀምጡ። የሚያቀብለው ስለፈራ ከሆነ፣ አሲስቱ የቱንም ያህል ቢሆን ወደ ድራፍቱ ሁለተኛ ዙር አውርዱት። አይቶ የሚያቀብል ሆኖ ችግሩ የሹቱ ቅርጽ ብቻ ከሆነ ከፍ አድርጉት። የሃሊበርተን ሹት ኳሱን እየገፋ የሚለቅ ይመስላል፣ ብዙዎችም ተጠራጥረውት ነበር። በሁለተኛ ዓመቱ ግን ሦስት ነጥቡን 41.9 በመቶ፣ የቅጣት ውርወራውን 82.2 በመቶ አስገብቷል። በ2020 ስሙ ሲጠራ 12ኛ ነበር።