ከምጣዱ ይጀምሩ፦ በጎጃም ጓዳ ማገዶ መቆጠቢያ መንገዶች

በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ ስለ አካባቢ ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ፌስታል ነው። ፌስታል መቅረቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን እንጀራ በእንጨት በሚጋገርበት ቤት ትልቁ ፍጆታ ማገዶ ነው፤ ከማገዶውም ትልቁን ድርሻ የሚበላው ምጣዱ ነው። በጎጃም ደጋ ነባሩ ደን በአብዛኛው የቀረው በየደብሩ ቅጥር ውስጥ ነው። ስለዚህ የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ከሆነ የእንጀራ መጋገሪያው ይሁን።

በመጀመሪያ ይመዝኑ። ሊጡ ከመቅረቡ በፊት የተዘጋጀውን እንጨት በሚዛን ይመዝኑ፤ ጋግረው ሲጨርሱ የተረፈውን ይቀንሱና በእንጀራው ቁጥር ያካፍሉ። አንድ ቀን በነፋስ ወይም በእርጥብ እንጨት ሊሳሳት ስለሚችል ሦስት ጋገራ ይመዝኑ። ይህ ቁጥር ከሌለ ምድጃው ቆጥቦ እንደሆነ የሚያውቁበት መንገድ የለም።

ቀጥሎ እንጨቱን ያድርቁ። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው፤ እሳቱ እንጀራውን ከማብሰሉ በፊት ያን ውኃ ማትነን አለበት። በጥቅምት የተቆረጠውን በእጅ አንጓ ውፍረት ይፍለጡ፤ ከመሬት በድንጋይ ከፍ አድርገው፣ ላዩን ከልለው ጎኑን ለነፋስ ክፍት ይተውት። ፍልጡ በውል የሚደርቀው ለበልግና ለክረምት ነው። ሁለት ፍልጥ ሲያጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ ካለው፣ ጫፉም ከተሰነጣጠቀ ደርቋል። ምድጃ ውስጥ ጫፉ አረፋ እየደፈቀ ሲንጣጣ ካዩት አልደረቀም፤ አውጥተው ይመልሱት።

ከሦስት ጉልቻ «ምርጥ» ወደሚባለው የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ መሻገር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ በትክክል ከተተከለ ነው ታዲያ። ምርጥ የሚቀረጸው ከስሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ድቃቂ ወይም ከአሸዋ ነው። ስድስት ቁራጭ አለው፦ አራቱ ተገጣጥመው ምጣዱን ይከባሉ፣ ሁለቱ ከኋላ ጭሱ የሚወጣበትን የድስት ማስቀመጫ ይሠራሉ። ሲገዙ የምጣድዎን ስፋት ለክተው ይሂዱ። ጠርዙን በጥፍር ሲፍቁት የሚረግፍ ከሆነ አይግዙት፤ ስሚንቶው ሳይጠነክር ደርቋል ማለት ነው። ቢያንስ ለሰባት ቀን በጥላ ሥር ውኃ እየተረጨበት ያልቆየ ቁራጭ በመጀመሪያዎቹ ጋገራዎች ይሰነጠቃል።

ሲተክሉ መሬቱን ደልድለው ይጠቅጥቁ፣ ሁለት ጣት የሚሆን ደረቅ አመድ ያንጥፉ፣ ቁራጮቹን ይግጠሙና መገጣጠሚያውን ሁሉ ጭድ በገባበት ጭቃ ይድፈኑ። ምጣዱ ላይ ጥቂት ውኃ ያፍስሱ፤ ወደ አንድ ወገን ከሄደ ያስተካክሉት። አለበለዚያ ሊጡም ወደዚያው እየሄደ እንጀራው በአንድ ጎን ይወፍራል። እሳት ለኩሰው ጭስ ከኋላ ሳይሆን ከምጣዱ ጠርዝ ከወጣ፣ ሙቀቱም በዚያው እየወጣ ነው፤ በጭቃ ይዝጉት።

ምድጃው ተተክሎም ማገዶው ካልቀነሰ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አፉ ላይ ነው። በለመድነው የጉልቻ ልማድ አፉን በእንጨት እናጭቀዋለን፤ አየር ሲያጣ እንጨቱ ይጨሳል እንጂ አይነድም። ሁለት ሦስት ፍልጥ ብቻ ያስገቡና ሲነድ ወደ ውስጥ እየገፉ ይቀጥሉ። አመዱ ተከምሮ የአየር መግቢያውን እንዳይዘጋም ከእያንዳንዱ ጋገራ በፊት ይዛቁት።

ምጣዱን ከብርድ ማሞቅ ብቻ ብዙ እንጨት ይወስዳል። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ጊዜ አሥር አሥር እንጀራ ከመጋገር ሁለት ጊዜ አሥራ አምስት መጋገር ይሻላል። እንዲያውም ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ምጣድ ተከታትለው ቢጋግሩ ሁለተኛዋ የጋለ ምጣድ ታገኛለች። ከኋላ ባለው ማስቀመጫ ውኃ ይጣዱ፤ የመጨረሻው እንጀራ ሲወጣ ደግሞ በቀረው ግለት ገብስ ይቁሉ።

መብራት ያለው ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ቢይዝ ይመረጣል፤ የአገራችን ኃይል በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ነውና። ነገር ግን ምጣዱ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ገደማ ነው። ለመብራት በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ከተሰካ ሶኬቱ ይቀልጣል፣ ቤትም ያቃጥላል። ለብቻው 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና 25 አምፔር ማቋረጫ በባለሙያ ያስገጥሙለት። ሁለትና ሦስት እንጀራ ሲቀር ያጥፉት፤ ግለቱ ያደርሳቸዋል።

ከሰል ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። በአፈር ተሸፍኖ በሚከሰልበት መንገድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት እስከ አሥር ኪሎ እንጨት ይነዳል። ሲገዙ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። በአዊ፣ በተለይ በአዲስ ቅዳም ዙሪያ፣ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ቶሎ አዳጊ የግራር ዝርያ ተክሎ በመጀመሪያው ዓመት መሐሉ ላይ ጤፍ ይዘራል፤ ዛፉን በአራት በአምስት ዓመቱ አክስሎ መልሶ ይተክላል። ይህ እንደ ሰብል የሚተካ ነው፤ ከወይራና ከቆላ ግራር የተከሰለው ግን የሚተካ የለውም። ለቡና ውስጡ ሸክላ የተገጠመለትን «ላቀች» የከሰል ምድጃ ይጠቀሙ። ቡናው ሲያበቃ ፍሙን ክዳን ባለው ቆርቆሮ አፍነው ያጥፉት፤ ነገ ያገለግላል። የሚታፈነው ግን ውጭ ነው፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ የፍም ጋዝ ሳይሸት ይገድላል።

ሽንብራ፣ ባቄላና ቦሎቄ ማታ ተዘፍዝፈው ይደሩ። ጠዋት ውኃውን ደፍተው በአዲስ ውኃ ያፍሉ፤ 15 ደቂቃ በደንብ ከተንተከተኩ በኋላ ድስቱን እንደተከደነ፣ በሁሉም በኩል አንድ ስንዝር ያህል ጭድ በተጠቀጠቀበት ቅርጫት ውስጥ ያስቀምጡና በአሮጌ ጋቢ ይሸፍኑት። በሦስት በአራት ሰዓት ያለ እሳት ይበስላል። የፈላበት ጊዜ መቀነስ የለበትም፤ በተለይ ቦሎቄ በሚገባ ሳይፈላ ለብ ባለ ሙቀት ከቆየ ሆድ ያውካል።

እሳት ለማያያዝ ፌስታልና የውኃ ላስቲክ ማንደድ ይቅር፤ መርዛማው ጭስ እንጀራ ጋጋሪዋ ሳንባ ውስጥ ይገባል። የባሕር ዛፍ ቅርፊትና የበቆሎ ቆረቆንዳ በቂ ነው። ለገበያ ዘንቢል ይያዙ፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅም ፌስታልን ከልክሏል። ከጣና ዙሪያ ላሉ ደግሞ የልብስ ሳሙና አረፋ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ አይደፋ፤ በውስጡ ያለው ፎስፈረስ ከማሳ ታጥቦ ከሚገባው ጋር ተደምሮ እምቦጭን ይመግባል። ከወንዝ ርቆ የዛፍ ሥር ላይ ማፍሰስ ይሻላል።

ኩበት ማንደድ ማሳውን ማራብ ነው፤ «ምርጥ» ምድጃው ካተረፈው እንጨት የተነሳ የሚተርፈው ኩበት ወደ ኮምፖስት ይግባ። የእንጨት አመዱም አይጣል፤ የአዊና የጮቄ ዙሪያ አፈር አሲዳማ ስለሆነ አመድ ያስታግሰዋል። ለጓሮ ጎመን በካሬ ሜትር ሁለት እፍኝ በዓመት አንድ ጊዜ ከመትከል በፊት ከአፈሩ ጋር ይቀላቀል። ድንች መደብ ላይ አይጨመር፤ እከክ ያመጣበታል። ከዩሪያ ጋርም በአንድ ቀን አይደባለቅ፤ የማዳበሪያው ናይትሮጂን ጋዝ ሆኖ ያመልጣል።